ብራችን «እንደ ጥንቱ በወርቅ ይደገፍ» ለሚሉ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ብራችን እንደ ጥንቱ በወርቅ ይደገፍ» የሚለው አስተያየት ደጋግሞ ይሰማል። የደመወዙ አቅም በየወሩ የሚሟሽሽበት ሰው ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም። ብር በወርቅ የሚመነዘርበት ያ ጥንት ግን በታሪካችን የለም።

ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል በአዋጅ የተሰጠው ዋጋ 5.52 ግሬን ንጹሕ ወርቅ፣ ማለትም 0.358 ግራም ነበር። አንድ አውንስ ወይም 480 ግሬን ወርቅ 35 ዶላር ስለነበር፣ አንዱ ብር ከ40 የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት ይበልጣል። ይህ የወርቅ ልክ የብሩን ዋጋ መወሰኛ ነበር፤ ኖት ይዞ ባንክ ለሄደ ሰው ወርቅ አይመዘንለትም። ዶላርን በወርቅ ትመነዝር የነበረችው አሜሪካም ለውጭ መንግሥታትና ለማዕከላዊ ባንኮች ብቻ ነበር የምትሰጠው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. ያንንም ዘጉት። ከ1937ቱ ብር በፊት የተገበያየንበት ጠገራ ብርም ከብር ማዕድን የተሠራ እንጂ የወርቅ ገንዘብ አልነበረም።

እውነተኛው ጎልድ ስታንዳርድ፣ ማለትም ገንዘብ በተወሰነ የወርቅ መጠን የሚመነዘርበት ሥርዓት፣ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚታየው በእንግሊዝ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከ1914ቱ ጦርነት በፊት አንድ የወርቅ ፓውንድ 7.32 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነበረው፤ ዶላር ደግሞ 1.505 ግራም። ሲካፈል ፓውንዱ 4.8665 ዶላር ገደማ ይመጣል። ፓውንድ በኒውዮርክ ገበያ ከዚህ በጥቂት ሳንቲም ከወረደ ነጋዴው ፓውንዱን ለእንግሊዝ ባንክ ሰጥቶ ወርቅ ይቀበላል፤ በመርከብ ወደ ኒውዮርክ ልኮ በዶላር ይሸጣል፤ የማጓጓዣውን፣ የኢንሹራንሱንና ወርቁ ባሕር ላይ የሚቆይባቸውን ቀናት ወለድ ከፍሎም ያተርፋል። ባንኩ ካዝናው ሲሳሳ ወለድ ይጨምራል። ብድር ይቀንሳል፣ ነጋዴው ዕቃውን በርካሽ ያራግፋል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ ወርቁ ይመለሳል።

ሲነገር ያማረ ነው። የሚሰናከለው ደመወዝ ላይ ሲደርስ ነው። ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1925 ፓውንድን በቅድመ ጦርነቱ ዋጋ ወደ ወርቅ መለሱት። በጦርነቱ ዓመታት የእንግሊዝ ዋጋ ከአሜሪካ ይልቅ ንሮ ስለነበር ፓውንዱ 10 በመቶ ገደማ ያለ ልክ ተወደደ። የድንጋይ ከሰል ላኪዎች ገበያ ሲያጡ የሠራተኛ ደመወዝ እንቀንስ አሉ፤ በ1926 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ። የተባለው ወርቅም ቢሆን ለተራው ሰው አልነበረም፤ ባንኩ የሚሸጠው 400 አውንስ የሚመዝን ጥፍጥፍ ሲሆን ዋጋው 1,700 ፓውንድ ያህል ነበር። እንግሊዝ በመስከረም 1931 ሥርዓቱን ጥላ ወጣች። እስከ 1936 የጸናችው ፈረንሳይ የኢኮኖሚ ድቀቱ ያን ያህል ረዘመባት።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ብሔራዊ ባንክ አንድ ግራም ወርቅ በተወሰነ ብር እገዛለሁ፣ እሸጣለሁም ብሎ ቃል ገባ እንበል። የቡና ዋጋ በወረደበት ዓመት አስመጪው ዶላር ሲያጣ ብሩን አምጥቶ ወርቁን ይወስዳል፤ ባንኩ ቃሉን ለመጠበቅ ወለድ ከመጨመር በቀር አማራጭ የለውም፣ ግንባታውም ንግዱም ይቆማል። የዓለም የወርቅ ዋጋ ሲያሻቅብ ደግሞ ብር አብሮ ይወደዳል። ያን ጊዜ ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ይቀንሳል፣ ለገበሬው የሚከፍለውም እንዲሁ። ባንኩ ይህን ለማስቀረት የዶላሩን ምንዛሪ ይዞ ቢቆም ወርቁ ከካዝናው በርካሽ እየተገዛ ያልቃል፤ የቤንሻንጉል ጉሙዝና የጋምቤላ ባህላዊ አምራቾች የሚያወጡትም በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል።

ወርቃችን ለመጠባበቂያ ክምችትና ለውጭ ምንዛሪ ይዋል። ለዋጋ ንረት ልጓም የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ያለበት ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት ሲሰጠው ስለኖረው ቀጥታ ብድር ነው፤ ገንዘቡ ሲበዛ የኖረው በአመዛኙ በዚያ በኩል ነውና። ጋዜጣችሁ ባንኩ የገዛውን የወርቅ መጠን፣ የከፈለበትን ዋጋና ለመንግሥት የሰጠውን ብድር በየሩብ ዓመቱ ጎን ለጎን ቢያወጣልን ክርክሩ በቁጥር ላይ ይቆም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ