ማንኮራፋትም ይጠየቅልን

ክቡር አዘጋጅ፣

አዳማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና አሽከርካሪዎች መተላለፊያ ናት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የደም ግፊታቸው ይለካል፤ ሌሊት ትንፋሻቸው ይቋረጥ እንደሆነ ግን የሚጠይቃቸው የለም። በእንቅልፍ ሰዓት የጉሮሮ ጡንቻ ላልቶ የአየር መተላለፊያውን ሲዘጋ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውየውም ሳያውቀው ይባንናል። ይህ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ (ስሊፕ አፕኒያ) ይባላል፤ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ሕመሙ ከባድ ነው።

የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች ሁሉ ለመመርመር በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ይሁን፤ መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ፣ ግፊቱም በመድኃኒት አልወርድ ያለ ሰው ግን ምልክት አለው። ሕመሙ የሚያሰጋቸውን ለመለየት የተለመደው መጠይቅ 8 ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። (ሚስትም ትጠየቅ፤ ማንኮራፋቱን የምታውቀው እሷ ናት።) መጠይቁ የሚጠይቀውን የአንገት ዙሪያ ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ