ከሁዳዴ በፊት ስለ ሆርሞን መድኃኒቶች ይነገር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ እያልሁ፣ በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ እንዲነሣ የምመኘውን አንድ ጉዳይ አቀርባለሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ነገሩ የደረሰው በገዛ እናቴ ላይ ነው።

እናቴ ከወጣትነቷ ጀምሮ እንቅርት ነበረባት። ለጎጃም ደጋ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዝናቡ ከተራራው አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑም አብሮ ስለሚሄድ፣ አዮዲን የሌለው ጨው እየበላ ባደገ ትውልድ ዘንድ የአንገት እብጠት የተለመደ ነው። አንገቷም እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ እንቅርትን ይከላከላል በተባለ ንቅሳት የተከበበ ነው፤ ዛሬ ከንቅሳቱ መስመሮች ሥር የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ይታያል። እብጠቱ መተንፈስ እስኪያስቸግራት በማደጉ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ በሙሉ ወጣላትና ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ታዞላት ከሆስፒታል ወጣች። «በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ፍሬ ትዋጥ» ከማለት በቀር፣ ኪኒኑ ምን እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ለእሷም ሆነ ለእኔ የነገረን አልነበረም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ገና በጠዋት ውኃ ቀምሶ ኪኒን መዋጥ ጾም መግደፍ ሆኖ ስለ ታያት፣ ቁስሉም ሽሮ ስለ ነበር፣ ለማንም ሳትናገር አቆመችው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ስላልተሰማት ጨርሳ እንደ ዳነች አመነች። አሁን እንደ ተረዳሁት የዚህ መድኃኒት ትልቁ አዘናጊ ነገር ይህ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ጉዳቱ የሚታየው ሰውየው ማቆሙን ራሱ ከረሳው በኋላ ነው። በሆሳዕና ሰሞን እኛ በፀሐይ ስንቃጠል እሷ ጋቢ ደርባ ምድጃ ሥር ትቀመጥ ጀመር። ድምፅዋ ጎረነነ፣ ፊቷ አበጠ፤ አንድ ቀን የቡና ምጣድ ጥዳ፣ ፍሬው እስኪያርር ድረስ መቁያውን ይዛ ዝም ብላ ስታየው አገኘኋት። እኛ ልጆቿም እርጅናና የጾም ድካም ነው ብለን አለፍነው። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት፣ ጠባሳውን አይተው መጀመሪያ የጠየቁን ኪኒኑን ትወስድ እንደ ሆነ ነበር።

ሆርሞን ማለት ዕጢዎች ወደ ደም የሚያመነጩት፣ የሰውነትን ሥራ የሚቆጣጠር ንጥረ ነገር ነው፤ በእኛ አካባቢ ግን ሆርሞን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በክንድ የሚቀበረውን ወይም በመርፌ የሚሰጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ኪኒን ሲባል ደግሞ፣ ሕመሙን አጥፍቶ የሚያልቅ ነገር ይመስለናል። ሌቮታይሮክሲን ግን ዕጢው ሲወጣ የጠፋውን ሆርሞን የሚተካ እንጂ በሽታ የሚያባርር አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ እ.ኤ.አ. በ1891 የታይሮይድ ዕጢዋ መሥራት ላቆመ አንዲት ሴት ከበግ ዕጢ የተቀመመ መድኃኒት ሰጥተዋት፣ ሳታቋርጥ እየወሰደች 28 ዓመት ያህል ኖራለች። ለስኳር ሕመም የሚወጋው ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመበት ልጅ ለሰባት ቀን ሱባዔ ጸበል ሲሄድ ብልቃጡን ቤት ትቶት ቢሄድ፣ እንደ እናቴ ሳምንታት አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ሆርሞን መሰል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም በድንገት ቢያቆም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎቹ ሥራቸውን ስለ ተዉ ራሱን ሊስት ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚቆመው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ የእናቴ ችግር እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሐኪሙ ስለ ጾሟ በአክብሮት ጠይቀው፣ ኪኒኑን እራት ከበላች ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ ስትተኛ እንድትውጠው አደረጉ። ለኢንሱሊን ታካሚም፣ እየወጉ ሳይበሉ መዋል ስኳሩን ከልክ በታች ስለሚያወርደው፣ ከጾም በፊት ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ጸበል የሚሄደውም ብልቃጡን ይዞ መሄድ ይችላል፤ የተከፈተ ኢንሱሊን ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከተቀመጠ ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ላይ እንቅፋት እንዳልሆነች፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ምስክር ነው።

ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያዎች እነዚህን መድኃኒቶች ሲያድሉ በፖስታው ላይ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥ» ብለው በጉልህ እንዲጽፉና ምክንያቱን ለታካሚውም ለአስታማሚውም በቃል እንዲያስረዱ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ይህን ትምህርት ከሁዳዴ ዋዜማ በፊት ቢያወጣልን፣ የሰንበት ጉባኤ ላይ ቆሜ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ። እናቴ አሁን ኪኒኗን ከራስጌዋ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጣ፣ የማታ ጸሎቷን ስትጨርስ ትውጣለች።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ