ሳነቴ ላይ ሞተር አጥፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ለባሌ የሚወጡ የጉዞ መርሐ ግብሮች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ዓርብ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት፣ ቅዳሜ ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ የተባለውን ከፍተኛ አምባ አቋርጦ ሐረና ጫካ ደርሶ መመለስ፣ እሑድ ቤት መግባት። እንዲህ የሄደ ሰው መንገዱን አየ እንጂ ባሌን አላየም።

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። በዓለም የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ባሌ ነው ያለው። የሚኖረው በመንጋ፣ የሚያድነው ግን ለየብቻው፣ ያውም በቀን ነው። ዋና ምግቡ የሆነው፣ ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ብርዱ ሳይለቅ ከጉድጓዱ አይወጣማ። ስለዚህ ፀሐይዋ መሬቱን እስክታሞቀው ጠብቁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ትኩስ አፈር የተቆለለበትን ቦታ ፈልጉና 50 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ አፈሩ ይነቃነቃል፤ ከዚያ ሰፊ ጭንቅላት ብቅ ይላል። ፍልፈሉ ገላውን በግማሽ ብቻ አውጥቶ አፉ የደረሰበትን ሣር ይነጫል፣ እየጎተተ ያስገባል፣ ሲበቃው ቀዳዳውን በአፈር ይደፍናል። አጠገቡ ትንሽ ቡናማ ወፍ ካለች እሷንም ልብ በሏት፤ ከተገለበጠው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ የምታሰማው ጩኸት ለፍልፈሉም ይደርሰዋል። ቀበሮው ሲመጣ አይሮጥም። ይቆማል፣ ጆሮውን ይቀስራል፣ በሆዱ እየተሳበ ይጠጋል፣ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜም ይስተዋል። ይህን ለማየት አንድ ቦታ ሁለትና ሦስት ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ በተራራ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ ያለ አይመስለኝም።

አምስት ቀን ያለው ሰው መጀመሪያ ሁለት ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዲንሾ ይደር። ቦታው 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሰውነት ይለማመዳል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ በእግር ደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ይታያል። ከዚያ ጭነቱን በፈረስ አስይዞ፣ ከፓርኩ መንገድ መሪ ጋር በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ መውጣት ነው። በቀጥታ መጥተው 4,000 ሜትር ላይ የሚያድሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዛቸዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ራስ ምታቱ ማስመለስ ካስከተለ ኪኒን ውጦ እዚያው ማደር አይገባም፤ መውረድ ነው።

ስለ ስንቅ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ጋዙን ይጨርሳል እንጂ ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ይበቃል። ማገዶ ብላችሁ አስታና አምጃ አትቁረጡ፤ በብርዱ ምክንያት እድገታቸው እጅግ አዝጋሚ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠራ ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የካሜራ ባትሪ መኝታ ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ ካልተኛችሁ ጠዋት ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የምግብ ትራፊ ሜዳ ላይ መጣል ቀላል ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ትራፊ ውሻ ይጠራል፣ ውሻም የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። በ1983 እና 1984 ዓ.ም. በሽታው ሲገባ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። የራሳችሁን ውሻማ ጨርሶ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴን የሚያቋርጠው በቀበሮዎቹ ማደኛ መሃል ስለሆነ ዝግ ብላችሁ ንዱ። ቀበሮ ካያችሁ መንገድ ዳር ቆማችሁ ሞተር አጥፉ፤ ተከትላችሁት አትሂዱ።

ዝግጅት ክፍሉ የጉዞ ጽሑፎችን ሲያወጣ «የሚታዩ ቦታዎች» ከሚለው ዝርዝር ይልቅ የት ስንት ሌሊት ማደር እንደሚሻል ቢያስቀድም አንባቢው ይጠቀማል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሐረናን ለሌላ ጊዜ ያቆየውና አንዱን ቀን ዲንሾ፣ ሌላውን ሙሉ ቀን ሳነቴ ይዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሌ ጎባ