እሑድ ማታ ስለ ተሰጠሽ አንድ ሰዓት

ጅማ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም አባትሽም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ክረምቱ እንደምታውቂው ነው፤ የአዌቱ ወንዝ ሞልቷል፣ ቆርቆሮውም ቀንና ሌሊት አያርፍም። ባለፈው በስልክ የጀመርሽልኝን ወሬ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላልጨረስነው፣ ደግሞም በጥድፊያ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ፣ በደብዳቤ ልመልስልሽ ወሰንሁ።

በምትሠሪበት ሬዲዮ ጣቢያ እሑድ ማታ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያለውን ጊዜ ለክላሲካል ሙዚቃ እንድታዘጋጂ እንደ ተፈቀደልሽ፣ ነገር ግን አለቃሽ «ለሦስት ወር እንሞክረው፤ አድማጭ ካጣ እናነሣዋለን» እንዳሉሽ ነግረሽኛል። ቀጥለሽም «እማዬ፣ እውነት የሚያዳምጥ ሰው ይኖራል ወይ?» አልሽኝ። ድምፅሽ ውስጥ ፍርሃት ሰምቻለሁ። እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ሬዲዮ በማዳመጥ ግን ከባልደረቦችሽ አብዛኞቹን እቀድማለሁና የማውቀውን ልጻፍልሽ።

በአገራችን ሬዲዮ «ክላሲካል» የሚባለው ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ነው። በሳክስፎን የተነፋ ትዝታም፣ በኪቦርድ የተቀነባበረ የዘፈን ዜማም፣ የሞዛርት ሥራም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ። በስሙ አልከራከርም፤ ቃል በሰው አፍ ውስጥ ሲኖር ትርጉሙ ይሰፋል። የሚያሳዝነኝ ለዚህ ሙዚቃ የተሰጠው ሥራ ነው። ትረካ ሲነበብ ከሥር ይነጠፋል፤ ዜና እስኪደርስ የተረፈችውን ሁለት ደቂቃ ይሞላል፤ ሰዓቱ ሲደርስም ዜማው ገና አንድ ነገር ሊል አፉን እንደ ከፈተ ይቆረጣል። የደረሰው ሰው ስም አይጠራም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ሬዲዮው መደበኛ ዝግጅቱን ድንገት አቋርጦ ቃል የሌለው ሙዚቃ ብቻ ማሰማት ሲጀምር በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች «ማን ሞተ? ምን መጣ?» ብለን መደንገጣችን ነው። እንግዲህ ሕዝባችን ይህን ሙዚቃ በሦስት መልኩ ብቻ ተዋውቆታል፤ ምንጣፍ ሆኖ፣ መሙያ ሆኖ፣ መርዶ ሆኖ። እንዲህ ተዋውቆት ካልወደደው ጥፋቱ የአድማጩ አይደለም።

ስለ አያትሽ ሬዲዮ ደጋግሜ ነግሬሻለሁ፤ ዛሬ ግን ለምን እንደማነሣው ታያለሽ። አያትሽ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ፣ ምሽት ላይ ከሥራ ሲመለሱ፣ በሩን ዘግተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊሊፕሷን ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በአጭር ሞገድ የጀርመንን ድምፅ ይፈልጉ ነበር። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለ ነበር ለእርሳቸው የቆየ ወዳጅ ነው። ዜናው ከመጀመሩ በፊት፣ በዚያ ሁሉ የሞገድ ጩኸትና ፉጨት መካከል፣ እንደ ትናንሽ ደወሎች ያለ አጭር ዜማ እየተደጋገመ ይሰማል። አያትሽ ያን ዜማ ሲያገኙ እጃቸውን ከማዞሪያው ላይ ያነሡና «እሰይ፣ ተያዘ» ይላሉ። እኛ ልጆቹም በዚያች ቅጽበት ዝም ማለት እንዳለብን እናውቃለን። ለዓመታት እንዲህ ሰማነው። ዜማው የማን እንደሆነ የነገረን አልነበረም፤ ለእኛ «የጀርመን ደወል» ነበር።

አንቺ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ ለእረፍት መጥተሽ፣ እኔ ቡና እየቆላሁ፣ አንቺ ከስልክሽ ኦፔራ ስታዳምጪ የሆነውን ታስታውሻለሽ? መቁያውን እንደያዝሁ ቆምሁ። «ይህን አውቀዋለሁ!» አልሁሽ፤ አንቺ ግን አላመንሽኝም። ያ ደወል ለካ ከቤትሆቨን ብቸኛ ኦፔራ ከፊዴሊዮ የተወሰደ፣ ቼሌስታ በሚባል መሣሪያ የተመታ ዜማ ኖሯል። ታሪኩን ያን ቀን አንቺው አጫወትሽኝ። ባሏ በግፍ የታሰረባት ሊዮኖሬ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፊዴሊዮ ተብላ፣ ባሏን ለማዳን እስር ቤቱ ውስጥ በሠራተኛነት ትገባለች። በመጨረሻ መለከት ይነፋል፤ ሚኒስትሩ ይመጣል፤ እስረኞቹም ወደ ብርሃን ይወጣሉ። ሚኒስትሩ በዚያ ዜማ የሚዘምረው ቃል «ወንድም ወንድሞቹን ይፈልጋል፤ መርዳት ከቻለም በደስታ ይረዳል» የሚል ነው። ኦፔራው እ.ኤ.አ. በ1805 ቪዬና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጅማ ላይ ጋቢ የተከናነቡ አንድ ጸሐፊ፣ ከጎረቤቶቻቸው መካከል የታሰሩ በነበሩበት ዘመን፣ የእስረኞችን መፈታት የሚያበሥር ዜማ በየምሽቱ ይሰሙ ነበር። ምን እንደሚሰሙ ግን ሳያውቁ ሞቱ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ሰው ከአስተዋዋቂነት ወንበር ላይ ሆኖ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ኖሮ አያትሽ ያን ዜማ በሌላ ጆሮ ይሰሙት ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ስሙን ጥሪ የሚል ነው። የደራሲውን ስም፣ የሥራውን ስም፣ ምን ሊሆን እንደሆነ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ ከዚያ ዝም በዪ፤ ሙዚቃውም ሲያበቃ ትንሽ ዝም ብለሽ ቆይ። በሬዲዮ ዝምታ እንደሚያስፈራ አባትሽ ነግሮኛል፤ ጥቂት ሰከንድ ድምፅ ከጠፋ ቴክኒሻኑ ሥርጭቱ የተቋረጠ መስሎት ይሮጣል አሉ። ቀድመሽ ንገሪውና አይሩጥ።

አሁን «ሰው ትዕግሥት የለውም» ወደሚለው ልምጣ፤ ይህን አባባል ፈጽሞ አልቀበለውም። በግድግዳ የምንዋሰናቸው አረጋዊት ጎረቤታችን የመውሊድ ሌሊት በድቤ የሚታጀበውን መንዙማ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ያድራሉ፤ ጧት ስጠይቃቸው የትኛው ግጥም ከየትኛው ቀጥሎ እንደ መጣ በቅደም ተከተል ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ በበዓል ዋዜማ ማኅሌት ቆሜ አድራለሁ። ይህ ሕዝብ ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ሲምፎኒ ማዳመጥ ያቅተዋል የሚል ሰው ሕዝቡን ከቢሮው መስኮት ብቻ ያየ ነው።

እስቲ ማኅሌቱን ልብ በዪው። ሊቃውንቱ አንዱን ዜማ መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ያዜሙታል። ከዚያ መቋሚያውን እያወዛወዙ በዝማሜ ይመልሱታል፤ ቀጥሎ ከበሮው ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻም ጽፋቱ መጥቶ ጭብጨባውና ከበሮው እየፈጠነ ሕዝቡን ሁሉ ያነሣሣዋል። ቃሉም ዜማውም ያው ነው፤ በተመለሰ ቁጥር ግን አዲስ ይሆናል። አንቺ ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ዜማ ልዩ ልዩ ልዋጮች የሚባለውን የአውሮፓውያን አሠራር ልታስረጂኝ ስትደክሚ፣ በልቤ «ይህማ ከቅዱስ ያሬድ ቤት የማውቀው ነው» እያልሁ ነበር። አሠራራቸው ፍጹም አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚጠይቁት ጆሮ ግን አንድ ነው። ለአድማጭሽ ስትናገሪ ከዚህ ተነሺ። ከቪዬና ቤተ መንግሥት አትጀምሪ፤ ከሚያውቁት ደጃፍ ጀምረሽ እዚያ አድርሻቸው።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የእኛም ይኑር። የበገና ጉዳይ ያንገበግበኛል። ዐሥር አውታሮቹ በቆዳ ቁራጭ፣ በእንዚራው፣ እየተነኩ የሚያወጡት ያ ጉርምርምታ ከየትኛውም ዓለም የረቀቀ ሙዚቃ ጋር ሊቀመጥ የሚገባው ነው። በንጉሡ ዘመን በዐቢይ ጾም ከሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን ከሬዲዮ ርቆ ቆየ። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ መምህራን ባይጠብቁት ኖሮ ምን ይቀርልን ነበር? ዛሬ እገዳ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ጾም ሲገባ ይወጣል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይጠቀለላል። በገናን ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከባሕ አጠገብ አስቀምጪው፤ በየትኛውም ወር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም አትርሺ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላም መንኩሰው፣ የፒያኖ ሥራዎቻቸውን በአገራችን ቅኝት ጠረን የሞሉ እናት ናቸው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ እርሳቸው ልዩ የሬዲዮ ዝግጅት አሰምቷል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ አንድም ሥራቸውን በስማቸው ተጠርቶ ከሬዲዮ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲያርፉ ሰማሁ። ይኸው እንደገና ሙዚቃው ከመርዶው ጋር መጣ። የያሬድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም የእረኛውን ዋሽንት ከኦርኬስትራ ጋር ያገናኙ ሰው ናቸው፤ እርሳቸውንም በአንዱ ሳምንት ብታቀርቢ ደስ ይለኛል።

አለቃሽ አጫጭር ቁራጭ ብቻ አሰሚ እንዳሉሽ ነግረሽኛል። በዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። በእንግሊዝ አገር ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1946 በጀመረው፣ ዛሬ ራዲዮ 3 በተባለው ጣቢያ፣ ረጅሙን ሥራ ሳይቆርጥ የማሰማት ልማድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው ክላሲክ ኤፍ ኤም የተባለው የንግድ ጣቢያ ደግሞ ከትልልቅ ሥራዎች አንዳንድ ክፍል እየመረጠ፣ በመካከል ማስታወቂያ እያስገባ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አድማጭ አግኝቷል። ስለዚህ ቁራጭን ሁሉ አልነቅፍም። ማስታወቂያ ከሌለ ጣቢያው እንደማይኖርም አውቃለሁ። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ብቻውን ሰባ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ከተሰጠሽ ሰዓት ይበልጣል፤ መምረጥሽ ግድ ነው። አንዱን ክፍል ብቻ ስታሰሚ ግን ከሙሉው የተወሰደ መሆኑን ተናገሪ፣ ክፍሉንም እስከ መጨረሻው አድርሺው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በሰዓትሽ የሚያልቅ አንድ ሥራ ሙሉውን አሰሚ። የቤትሆቨን አምስተኛው ከሠላሳ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ማስታወቂያው ከፊትና ከኋላ ይሁን። ለዚህ ተከራከሪ፤ በአክብሮት ግን ሳትለሳለሺ።

አባትሽ የሚከተለውን ጻፊላት ብሎኛል፤ መርካቶ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና ስሚው። ጣቢያዎች ድምፃቸው በታክሲና በባጃጅ ውስጥ ጎልቶ እንዲሰማ ኮምፕረሰር በሚባለው መሣሪያ ዝቅተኛውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍተኛውን ዝቅ ያደርጉታል። ለወሬና ለዘፈን አይጎዳም። ሲምፎኒ ላይ ሲጫን ግን ሹክሹክታውና ነጎድጓዱ እኩል ይሆኑና ሙዚቃው ፊቱ እንደ ተላገ እንጨት ይለሰልሳል። ቴክኒሻኑን ለዚያች ሰዓት ብቻ እንዲያላላልሽ ለምኚው። በጣም ዝቅ ብሎ የሚጀምር ሥራ ግን ለበጋው አቆዪው፤ ሐምሌ ላይ ጅማ ቆርቆሮ ሥር ላለ ሰው የቫዮሊን ሹክሹክታ አይደርሰውም። በስልክ ድምፅ ማጉያ ለሚሰሙም የበገናው ወፍራም አውታር ይጠፋልና የጆሮ ማዳመጫ እንዲያደርጉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

በመጀመሪያው እሑድ የፊዴሊዮን መጨረሻ አሰሚልኝ። ሚኒስትሩ ከመዘመሩ በፊት ያ ደወል ከየት እንደ መጣ ተናገሪ፤ ጋቢ ተከናንበው ያን ጣቢያ ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች በየከተማው ገና በሕይወት አሉ፤ ያውቁታል። ጣቢያችሁ በኢንተርኔት ስለሚሰማ አባትሽ ስልኩን ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሞክሮታል፤ ይሠራል። ጎረቤታችንንም ጠርቻቸዋለሁ። ቡናውን ቀደም ብዬ አፍልቼ፣ ሦስተኛውን ጠጥተን፣ ሲኒውን አጥቤ ረከቦቱን ከሦስት ሰዓት በፊት አነሣለሁ።

እናትሽ