ቴሴራ አላቸው፣ ደቂቃ የላቸውም

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ጉዳዩ፦ የታዳጊ ቡድን ተጫዋቾች በዋናው ቡድን የመሰለፍ ዕድል እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር ከአጂፕ ወደ መርካቶ በባጃጅ ሄጄ ስወርድ ሾፌሩ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። «ጋሼ፣ ከእርስዎማ አልወስድም» ሲል ነው ድምፁን የለየሁት። በ11 ዓመቱ እኔ ዘንድ ልምምድ የጀመረ ልጅ ነው። በባጃጁ የፊት መስታወት ጥግ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋችነት መታወቂያ ካርዱን፣ ሰክቷል። ፎቶግራፉ የተነሣው በ15 ዓመቱ ነው፤ ማልያው ሰፍቶት አንገትጌው ወደ አንድ ትከሻው ወርዷል። ለምን ቤት እንደማያስቀምጠው ስጠይቀው «እዚህ ሲሆን ሰው አይቶ ይጠይቀኛል» አለኝ።

እኔ በጅማ ሰፈሮች ታዳጊዎችን ያለ ክፍያ የማሠለጥን ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የክለብ በጀት ሳይጸድቅ፣ የአዲስ ተጫዋቾች ፊርማም ሳይጀመር እንዲደርሳችሁ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ይባላል፤ ለ19 ዓመት ልጅ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ልጅ ትንሽ ልንገራችሁ። ግራ እግረኛ ነው። ጥሩ ግራ ተመላላሽ እንደ ልብ እንደማይገኝ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ክረምት በገባ ቁጥር ሜዳችን ይጨቀያል፤ የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው መንገር አይጠበቅብኝም። እሱ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ታኬታውን ከፌስታል አውጥቶ፣ የተላቀቀውን ሶል በሲባጎ እየጠመጠመ ይጠብቀኛል። በጭቃ ላይ የሚንከባለል ኳስ ውሃ ባቆረ ቦታ እንደሚቆም ስለሚያውቅ፣ ኳሱ ሳይቆም በአንድ ንክኪ ማሻገርን ማንም ሳያስተምረው ለመደ። ከዚያ በኋላ በደረቅ ሜዳ ላይ ሲጫወት ተከላካዮች ሊደርሱበት አልቻሉም።

በ15 ዓመቱ አንድ ክለብ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑ ውስጥ አስመዘገበው። የክለቡን ስም አልጠራም፤ የአንድ ክለብ ብቻ ችግር አይደለምና። ቴሴራው በወጣለት ቀን እናቱ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ጠራች። ከመጀመሪያው ስኒ እስከ በረካው ድረስ ያ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር።

አምስት ዓመት ቆየ። ከ17 ዓመት በታች ተጫወተ፤ ከ20 ዓመት በታች ተጫወተ። ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ይሠራል፤ ለእርስ በርስ ጨዋታ ሰው ሲጎድል እሱ ይሞላል። በውድድር ቀን ግን የኳስ መረቡንና የውሃውን ሣጥን ተሸክሞ ይገባል፣ ተሸክሞ ይወጣል። ስሙ ከተቀያሪዎች ዝርዝር የገባባቸውን ቀናት በደብተሩ እየመዘገበ ይይዝ ነበር፤ ዘጠኝ ናቸው። ከተጋጣሚው ስም ፊት ለፊት የተጫወተውን ደቂቃ ሊጽፍበት መስመር አስምሯል። ዘጠኙም መስመር ባዶ ነው። 20 ዓመት ሲሞላው ለታዳጊ ቡድኑ ዕድሜህ አልፏል፣ ለዋናው ቡድን ደግሞ ልምድ የለህም ተባለ። በዚያው ሳምንት ክለቡ ከሌላ ከተማ የ31 ዓመት ግራ ተመላላሽ አስፈረመ።

ልምድ ከየት ያምጣ? ልምድ የሚገኘው ሜዳ ውስጥ ነው፤ ሜዳውን የዘጉበት ደግሞ ልምድ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

ክቡር ከንቲባ፣ ጅማ በዚህ ጉዳይ ከማንም ተበድራ የምትማር ከተማ አይደለችም። ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት እዚሁ ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት ሲጀምሩ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ ያኔ ልምድ አምጣ ያላቸው አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ፤ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

የቅርቡንም ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2009 ዓ.ም. ጅማ አባ ቡና በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ በዓመቱ ወረደ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን አነሣ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የመልስ ጨዋታ የግብጹን አል አህሊን 1 ለ 0 ስናሸንፍ፣ በድምር ውጤት ብንወድቅም፣ በዚህች ከተማ ያላለቀሰ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ከዚያስ? ኦኪኪ ወደ ግብጽ ሄደ። ዋንጫውን ያስገኙልን አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረጉ። ሁለቱም ምንም አላጠፉም፤ ባለሙያ የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል፣ መሄዱም መብቱ ነው። ነገር ግን ዋንጫው ጅማ ሲቀር ዋንጫውን ያመጣው ቡድን ተበተነ፤ በ2014 ዓ.ም. ክለባችን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ የፈጀው አራት ዓመት ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለዋናው ቡድን ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜም ወደዚያ ይጠጋል። ይህን ስሌት ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዕድል የተሰጠው ልጅ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በከፊል በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲካሄዱ፣ አቡበከር ናስር የተባለው የኢትዮጵያ ቡና ወጣት በዚያ የውድድር ዓመት 29 ግብ አስቆጠረ። ዕድሜው 21 ነበር። ያን ያህል ግብ የሚያገባ ልጅ በ21 ዓመቱ ድንገት አይገኝም፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከትልልቆች ጋር ሜዳ ገብቶ፣ ተገፍቶ፣ ወድቆ፣ ኳስ አበላሽቶ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው።

ልጆቻችን ማታ ማታ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶች በር ላይ ተደርድረው የሚያዩትም ይህንኑ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከራሱ የታዳጊ ቡድን የወጣ ተጫዋች በቡድኑ ስብስብ ሳይዝ ጨዋታ አድርጎ አያውቅም። ቡካዮ ሳካ አርሰናል የገባው በ7 ዓመቱ፣ ለዋናው ቡድን የተሰለፈው በ17 ዓመቱ ነው። እነዚያ ክለቦች ገንዘብ ቸግሯቸው አይደለም።

አሠልጣኞችን አልወቅስም፤ ይህን በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። አሠልጣኝ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ደጋፊው ይጮኻል፣ ሻንጣውን ያዘጋጃል። የ18 ዓመት ልጅ አሰልፎ ልጁ ኳስ ቢያስነጥቅና ግብ ቢቆጠር ጥያቄው «ማን አሰለፈው?» የሚል ነው። የ31 ዓመቱ ተጫዋች ያንኑ ስህተት ሲሠራ ግን «ኳስ ነው፣ ያጋጥማል» ተብሎ ይታለፋል። እንጀራው በእያንዳንዱ እሑድ ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚደርስ ልጅ እንዲጨነቅ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ለሦስት ዓመት ማሰብ የሚችለው በጀት የሚመድበው አካል ነው። በአገራችን አብዛኛው ክለብ የሚኖረው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ ነውና፣ ጥያቄዬን ለእናንተ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

የምጠይቀው አዲስ የታዳጊ ቡድን እንዲቋቋም አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የክለብ ፈቃድ መመሪያም የታዳጊ ቡድን እንዲኖር ይጠይቃል። ቡድኑ መኖሩን ይጠይቃል እንጂ ልጁ ወደ ላይ ማደጉን አይቆጥርም፤ በወረቀት የተሟላው ነገር በሜዳ ባዶ የሚሆነውም በዚህ ቀዳዳ ነው። ከተማው ለሚደግፈው ክለብ ገንዘብ ሲለቅ፣ ከራሱ ታዳጊ ቡድን ያደጉ ቢያንስ አራት ተጫዋቾች በዋናው ቡድን እንዲመዘገቡና በውድድር ዓመቱ ውስጥ በድምር የሚጫወቱት ደቂቃ አስቀድሞ ተወስኖ በስምምነቱ ላይ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ልብ በሉ፣ ደቂቃ ነው የምለው። ወንበር ላይ መቀመጥ አይቆጠር፤ የዚያን ልጅ ዘጠኝ መስመሮች አስታውሱልኝ። ዛሬ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር ይችላል፤ ቀድሞ ሦስት ብቻ ነበር። ከተጨመሩት ከሁለቱ አንዱን ለታዳጊ መስጠት ቡድን አያፈርስም። ይኸው ግዴታ በአሠልጣኙ ውል ውስጥም ይግባ፣ ከግዴታው ጋርም ዋስትናው ይግባ፦ ታዳጊ አሰልፎ በተሸነፈ ጨዋታ ምክንያት ብቻ አሠልጣኝ እንዳይሰናበት።

ስለ ገንዘቡም ላንሣ። ክለቦች በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ ምክንያቱ ወጪው ከአቅም በላይ መሆኑ ነበር። በዚያ ጣሪያ እንኳ ቢሰላ አንድ ሰው በዓመት 600 ሺህ ብር ነው፤ ያ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ይሄዳል፣ በእሱ ቦታ ሌላ ይፈረማል። ታዳጊው ግን ሲሄድም ለከተማው ሊተርፍ ይችላል። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዛወር ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ይህ ገንዘብ የሚጠየቀው ግን ልጁ በየዓመቱ በሕጋዊ መንገድ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ስለዚህ የታዳጊዎች መዝገብ በአንድ ሠራተኛ ኃላፊነት በአግባቡ ይያዝ፤ ከአንድ ኮምፒውተር በላይ የሚያስወጣ አይደለም።

እዚህ ላይ እኛም የሰፈር አሠልጣኞች ልንጠየቅበት የሚገባ ነገር አለ። የ19 ዓመቱን ጎረምሳ 16 ዓመቱ ነው ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮቹ ላይ ዕድሜን ለማረጣጥ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ የሚያስመረምረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐሰት ዕድሜ የገባ ተጫዋች ለአንድ ክረምት ዋንጫ ያመጣ ይሆናል፤ የእውነተኛውን የ15 ዓመት ልጅ ቦታ ግን ይዞበታል። የልደት ማስረጃና የትምህርት ቤት ሰነድ ሳይመሳከር ማንም እንዳይመዘገብ ብታደርጉ ከሁሉ በፊት ተባባሪ የምሆነው እኔ ነኝ።

ልጆቹ አሉ። ከጅረን ይመጣሉ፣ ከመንደራ ይመጣሉ፣ ከቦሳ ኪቶ በእግራቸው ይመጣሉ። አንዱ «አቀብል!» ሲል ሌላው «ደበርሲ!» ይላል፤ ኳሷ ሁለቱንም ቋንቋ ሰምታ ትሄዳለች። ከእነርሱ መካከል ሁሉም ተጫዋች አይሆንም፤ ይህን ለወላጆቻቸውም እነግራለሁ፣ ትምህርታቸውን እንዳይተዉም አጥብቄ እቆጣጠራለሁ። የሚችለው ልጅ ግን መቻሉ የሚታይበት ሜዳ ይፈልጋል።

በጉዳዩ ላይ የምትወስኑትን በጽሑፍ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ልጆቹን ማየት ብትፈልጉ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልምምድ ላይ ነን። ያ የባጃጅ ሾፌር ከዚያች ቀን ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አይወጣም። ባጃጁን ከሜዳው ዳር ያቆምና፣ አንድ የ14 ዓመት ግራ እግረኛ አለን፣ ኳስ ውሃ ላይ ሳትቆም እንዴት እንደምትሻገር ያሳየዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከሰፈር ታዳጊዎች አሠልጣኝ
ጅማ