ከፍተሻው በኋላ ቧንቧውን ምን ነካው?

ክቡር አዘጋጅ፣

እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ ስለሚረጨው መሣሪያ፣ ስለ ስፕሪንክለር፣ በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ቀድሞ ይነሳል፤ «እሳት ለማጥፋት የተዘረጋ ቧንቧ እንዴት ከፕላስቲክ ይሆናል? መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ አይደለም ወይ?» የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ክርክሩ ሁሉ እሳቱና ፕላስቲኩ ላይ ሲያልቅ፣ እነዚህን መስመሮች የምንዘረጋና የምንጠግን ሰዎች የምንፈራው ነገር ሳይነገር ያልፋል። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የእሳቱን ነገር ባጭሩ ላንሳ። ለዚህ ሥራ የሚውለው ሲፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ተራው ፒቪሲ ላይ ተጨማሪ ክሎሪን ገብቶበት የሚሠራ ሲሆን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ክሎሪን ነው። በራሱ ነዶ እንዲቀጥል በዙሪያው ያለው አየር 60 በመቶ ያህል ኦክስጅን መያዝ አለበት፤ የምንተነፍሰው አየር የያዘው ግን 21 በመቶ ነው። ደግሞም ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ እንደሞላ ነው የሚቀመጠው። ክፍሉ ሲግል የስፕሪንክለሩን ቀዳዳ የዘጋው የመስታወት ብልቃጥ፣ ብዙውን ጊዜ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ይሰበራል፤ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ቧንቧውንም ያቀዘቅዘዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመኖሪያ ቤቶች፣ በቢሮዎችና በሆቴሎች ሲሠራበት ቆይቷል። ወሰኑም የታወቀ ነው፤ 66 ዲግሪ ሙቀትና 12 ባር ገደማ ግፊት። ለመጋዘንና ለመሳሰሉት ከባድ የእሳት አደጋ ላለባቸው ቦታዎች አይሆንም። በታመቀ አየር ለሚሞሉ ደረቅ መስመሮችም መዋል የለበትም፤ በአየር የተወጠረ ፕላስቲክ ሲሰበር ስብርባሪው ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህም የግፊት ፍተሻው በውሃ ብቻ ነው፤ ሥራ ለማፋጠን ብሎ አየር የሚነፋ ሰው ካለ ሊያስቆሙት ይገባል።

ብረትን የሚመርጡ ሰዎችም ቢሆኑ ብረትን እንከን የሌለው አድርገው ባያቀርቡት ጥሩ ነው። መስመሩ ውስጥ አየር ተዘግቶ ሲቀር ብረት ከውስጥ ይዝጋል፣ ባክቴሪያም ያባብሰዋል፤ የዝገቱ ጉብታ ተነቅሎም የስፕሪንክለሩን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል።

የፕላስቲኩ ደካማ ጎን ያለው ከኬሚካል ጋር ሲነካካ ነው። ሲፒቪሲ አንዳንድ ዘይቶችንና ኬሚካሎችን አይችልም። ከእሱ ጋር በተያያዘው የብረት መስመር ላይ የማያያዣ ጥርስ ሲቆረጥ የቀረ የመቁረጫ ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ማሽን ዘይት፣ ለሲፒቪሲ ያልተፈቀደ የቀዳዳ ማሸጊያ፣ የሚረጭ ፎም፣ ግላይኮል ያለበት ፀረ በረዶ ፈሳሽ፣ ሌላው ቀርቶ የኤሌክትሪክ ኬብል ልባስ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ሳይቀር ይጎዱታል። ቧንቧው በግፊት ወይም ያለ ቦታው በመታጠፉ ተወጥሮ ባለበት ቦታ ኬሚካሉ ይሰርግና ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይጀምራል። በማግስቱ አይፈስም፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ለዚህ ነው የርክክብ ፍተሻ የማይደርስበት። በ14 ባር ገደማ ለሁለት ሰዓት ተወጥሮ ጠብታ ያላፈሰሰ መስመር፣ በሌላ ጊዜ ኮርኒስ ከፍቶ ኬብሉን ቧንቧው ላይ ጋደም አድርጎ በሄደ ሠራተኛ ሊበላሽ ይችላል። ሠራተኛውም አይፈረድበትም፤ የነገረው የለም።

ማጣበቂያውም የራሱ ጣጣ አለው። መገጣጠሚያውን የሚያዋህደው ሙጫ የሁለቱንም ፕላስቲክ ገጽ አሟሙቶ ነው። ከበዛ ውስጥ ተጠራቅሞ ግድግዳውን ያለሰልሳል፤ ካነሰ ደግሞ መገጣጠሚያው ይለቃል። ሳይደርቅ ስፕሪንክለሩ ከተገጠመም ሙጫው ወርዶ ቀዳዳውን ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ ከውጭ ሲታይ ምንም ጉድለት የሌለበት፣ በእሳት ቀን ግን ውሃ የማይሰጥ ስፕሪንክለር ይኖረናል። የሙቀት መለጠጡም ከብረት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። 30 ሜትር መስመር በ25 ዲግሪ ልዩነት ከአራት ሳንቲሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ማንጠልጠያው አላንቀሳቅስ ካለው ይጎብጣል።

ይህ ሁሉ ወለል ከማርጠብ ያለፈ ጉዳት ያለው እንዴት ነው? መስመሩ ሲያፈስ የሕንፃው ኃላፊ የመጀመሪያ ሥራው ቫልቩን መዝጋት ነው። ምንጣፉ ደርቆ፣ ኮርኒሱ ተጠግኖ፣ ቫልቩ ግን ሳይከፈት ሊከርም ይችላል። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ዘገባዎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ስፕሪንክለር በእሳት ጊዜ ሳይሠራ ለመቅረቱ ቀዳሚው ምክንያት ሥርዓቱ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧን አስተማማኝነት ስንመዝን ይህንንም አብረን ልንመዝነው ይገባል።

ስለዚህ የሕንፃ ባለቤቶችና ፈቃድ ሰጪዎች የግፊት ፍተሻ ወረቀት ብቻ ተቀብለው አይመለሱ። ቧንቧውን የሚነካ ማንኛውም ማሸጊያ፣ ቀለምና ፎም ቧንቧውን ከሠራው አምራች የተስማሚነት ዝርዝር ጋር መመሳከሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ኮርኒሱ በሚከፈትበት ቦታ ሁሉ «ሲፒቪሲ ነው፣ ኬብል አታስደግፉ፣ ኬሚካል አታስነኩ» የሚል ምልክት ይለጠፍ። ሲያፈስም ቁራጩን ቀይሮ መሄድ አይበቃም፤ ያሰነጠቀው ነገር ተፈልጎ ካልተወገደ አዲሱም ቁራጭ ይሰነጠቃል። ጥገናው እስኪያልቅና ቫልቩ መከፈቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ደግሞ ሕንፃውን ቀንና ሌሊት እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእሳት መከላከያ መስመር ባለሙያ