አባታችንን ለመለሳችሁልን ሁሉ

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። ለወራት በድባቴ፣ ደስታንና ጉልበትን በሚነሣው የስሜት ሕመም፣ ታሞ የቆየው አባታችን ባለፈው ቅዳሜ በራሱ እግር ከዚራ ሰፈር ድረስ ሄዶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ተመልሷል። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የሰፈራችን ሰዎች ታውቁታላችሁ። ያለፉትን ወራት አብራችሁን ስላያችኋቸው ታሪኩን ከመጀመሪያው አልተርክም።

ምስጋናዬን ከፀጉር አስተካካዩ ወንድማችን እጀምራለሁ። ስሜ እንዳይጻፍ ብሎ ስለለመነኝ አልጽፈውም። አባታችን ከምድር ባቡር ወርክሾፕ በጡረታ ከተገለለ ጀምሮ በየቅዳሜው የሚላጨው እሱ ዘንድ ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ መሄዱን ሲያቆም እኛ ልጆቹ መጀመሪያ "ሐዘን ነው"፣ ቆይተን ደግሞ "እርጅና ነው" አልን። አባታችን የሚለው "ጨጓራዬን" ነበር፤ "ወገቤን" ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ቁጭ ይላል። አንድም ቀን ግን "ከፋኝ" አላለንም። የጨጓራ መድኃኒት ገዛን፤ ተልባ በጠበጥን። በሦስተኛው ቅዳሜ ወንድማችን ምላጩንና ፎጣውን ይዞ ቤታችን መጣ። ላጭቶት ሲወጣ በር ላይ አስቆመኝና እንዲህ አለኝ፦ "እህቴ፣ የጋሼ አንገት ከስቷል። ስለ ባቡር አንሥቼባቸው እንኳ አልመለሱልኝም። የእኔም እናት ‘ጨጓራዬን’ ሲሉ ቆይተው ነው ሐኪም ድባቴ ነው ያለን። ሐኪም ይያቸው።"

ተቆጣሁት። አባቴን እብድ ያለብኝ መሰለኝ። ለዚያ ንግግሬ እዚህ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እሱ አልተቀየመኝም። ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ይዞ ከደጃችን ቆመ፤ ሱቁን ዘግቶ ከእኛ ጋር ወረፋ ሲጠብቅ ዋለ።

ለዶክተሩና ለነርሷ ቃል ያጥረኛል። ሌላ ሕመም እንዳይሆን ብለው ታይሮይዱንና ቫይታሚን ቢ 12ቱን በደም ምርመራ አዩ፤ ለደም ግፊት የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ አዎ ወይም አይደለም ተብለው የሚመለሱ 15 አጫጭር ጥያቄዎች ነበሩ። "ሕይወትዎ ባዶ እንደሆነ ይሰማዎታል?" ሲባል አባቴ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። በእናታችን ቀብር ላይ እንኳ እንባው ያልወረደው አባቴ። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ነርሷ እጁን ይዛ "መኖር ያስጠላዎታል?" ብላ በግልጽ ጠየቀችው። እኛ ይህን ቃል እንዳናነሣበት ስንፈራ ኖረናል፤ እሱ ግን የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ፊቱ ፈታ አለ። የመርሳት በሽታ ያዘው ብለን የሠጋንበት መዘናጋትም ከድባቴው ጋር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያስረዱን እነሱ ናቸው። እውነትም ዛሬ የልጅ ልጆቹን ስም አይስትም።

ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወንድማችን ልመለስ። መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ነው የተጀመረው፤ ለውጥ ለማየትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው ከዚያም በላይ ሊወስድ እንደሚችል ተነግሮን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ "ይቅርበት" ያልኩት እኔ ነኝ፤ የከለከለኝ እሱ ነው። የድሬ ፀሐይ ስትበርድ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ አባታችንን በእግር ሊያራምደው በየቀኑ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ከአልጋ እስከ ግቢው በር ነበር። በሳምንቱ እስከ መንገዱ ማዕዘን፤ ቆይቶ በከዚራ ዛፎች ሥር እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ። እኛ በቀን አሥር ጊዜ "በርታ" እንለው ነበር። እሱ አንድ ቀን እንኳ "ይበርቱ" ሲለው አልሰማሁም። አጠገቡ ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ ስለ አንድ የባቡር ዕቃ ይጠይቃል፤ መልስ ከሌለም ዝም ይላል። አንድ ማታ አባቴ በባቡር ቤት ፈረንሳይኛው "ቦንዡር" ብሎ ሲቀበለው ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ገንዘብ ብንሰጠው አልተቀበለንም። ሌላ ምን ላድርግለት? እግዚአብሔር ልጆቹን ያሳድግለት።

ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲቀጥል የመከሩንን የንስሐ አባታችንን፣ በረመዳን ሾርባና ሳምቡሳ ያላቋረጡብንን የሐጂን ቤተሰብ፣ የዕድራችንን አባላት፣ የድሮ የባቡር ባልደረቦቹን፣ ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ እየደወላችሁ የጠየቃችሁንን ሁሉ እናመሰግናለን። ያልጠቀስኳችሁ ብዙ ናችሁ። በዚያ ወራት ማን እንደገባና ማን እንደወጣ እንኳ በቅጡ አላስታውስምና እባካችሁ አትቀየሙኝ።

አባዬ፣ አንተንም "እርጅና ነው" ስላልንህ ይቅር በለን።

መድኃኒቱን ቢሻለውም ቢያንስ ለ6 ወር እንዳያቋርጥ ስለታዘዘ ገና ይወስዳል። ልትጠይቁት የምትመጡ ቤታችሁ ነው፣ ኑልን። 11 ሰዓት ላይ ግን አትምጡ፤ ቤት አታገኙትም።

ከልጆቹ አንዷ፣ ድሬዳዋ